«አለ ወይ?» ላለ ሁሉ

ሰኞ፣ ጥር 6

የጠዋት ቆጠራ፦ የማሽን ዘንግ ኩሽኔታ፣ 6205 ሦስት መቶ አርባ። 6308 መቶ አሥራ ሁለት። 6004 ያልተከፈተ ሁለት ካርቶን። የማሽን ማዞሪያው ቺንጋ ከመስቀያው ሞልቶ ተርፏል። ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ሳስቷል፤ ይታዘዝ።

የካርቶን ፋብሪካው የጥገና ኃላፊ ዛሬ ሱቅ ድረስ መጣ። እሱ ሰው ዘንድ አይመጣም። በስልክ «አለ ወይ?» ይላል፣ «አለ» እላለሁ፣ መኪና ይልካል፤ እንዲህ ነው የኖርነው። ዛሬ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ «ከመጋቢት ጀምሮ አልደውልልሽም» አለኝ።

«ምን በደልንህ?»

«ኮምፒውተራችን ነው የሚጠይቀው። የናንተን መጋዘን በቀጥታ ‹አለ ወይ› ይላል፣ ካለ ያዛል። መልስ የሚሰጥ ነገር ያዘጋጀ ነጋዴ ይቀጥላል። ያላዘጋጀ…»

አልጨረሰውም። ዓይኑን ወደ ማዶው ሱቅ ላከ። የማዶው ኩሽኔታ ነጋዴ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎልን ነበር። ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው፤ እህቴ «ጥርሱ» ትለዋለች።

ከመደርደሪያዬ ከሚወጣው ዕቃ ከግማሽ በላዩ ወደዚያ ፋብሪካ ነው የሚሄደው። እሱ ከቀረ ከሁለቱ የሱቅ በሮች አንዱ ይዘጋል። የሚዘጋው ታናሽ እህቴ የምትሸጥበት ነው። ባሏ ሥራ ከፈታ ቆይቷል፤ ቤቷ የሚበላው ከዚያ በር ነው። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። እዚህ ጻፍኩት፣ በቃ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

አንድ ባለ ማተሚያ ቤት ደንበኛዬ የጠቆመኝ የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። ልጅ እግር ጠብቄ ነበር፤ ጠና ያለ ሰው ነው። ጸጉሩ ከግራና ከቀኝ ሸብቷል። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። (ይህን የጻፍኩት የዕቃ አያያዙን ለማወቅ ነው።)

ኮምፒውተር አልጠየቀኝም። መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞረ።

«ይሄ ማን ይባላል?»

«6205።»

«ሌላ ስም የለውም?»

«ኩሽኔታ በቁጥሩ ነው የሚጠራው። የትም ብትሄድ ያው ነው» ካልኩት በኋላ «ቢሄዱ» ማለት እንደነበረብኝ ታወሰኝ።

ውርስ እንደደረሰው ሰው ፊቱ በራ። «እንግዲያው የሥራው እኩሌታ አልቋል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ይኖረዋል። አድራሻውን የጠራ ሁሉ መልስ ያገኛል። ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው የምጽፈው፣ ላራቬል በሚባል ፍሬምወርክ።»

«ፍሬምወርክ ምንድን ነው?»

«ግድግዳው፣ በሩ፣ መደርደሪያው ተሠርቶ የሚረከቡት ሱቅ በሉት። የሚቀርዎ ዕቃ መደርደርና ማን በየትኛው በር እንደሚገባ መወሰን ነው።»

«እንዲህ ያለ ሱቅ እኔም ባገኝ አልጠላም» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይናጣል።

በዋጋው አልተከራከርኩም። እህቴ ይህን ስታይ መጥታ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች፣ ያተኩሰኝ እንደሆነ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ራውት፦ የትኛው አድራሻ ወደየትኛው ሥራ እንደሚመራ የሚናገር መስመር። ኮንትሮለር፦ ሥራውን የሚሠራው። ሱቁ ሞልቷል። በኋላ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

6205 ዛሬ ተናገረ።

ባለሙያው ከውስጠኛው ክፍል ጠራኝና አድራሻውን ስልኬ ላይ አስጻፈኝ። ነካሁት፣ መልሱ መጣ፦ ቁጥሩ፣ የቀዳዳው ስፋት፣ በእጅ ያለው ብዛት። ሁሉም በቅንፍ ታቅፎ ነው የሚመጣው፤ ጄሰን ይሉታል። ከላዩ 200 የሚል አለ።

«ሁለት መቶ ‹አቤት፣ ይኸው› ማለት ነው» አለኝ።

መጋዘኔ ስልኬ ላይ አቤት አለኝ። ተነሥቼ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። 6205 ምንም እንዳልተናገረ ሰው ሰም ወረቀቱን ተከናንቦ ተቀምጧል። ተመልሼ ጠራሁት፤ አቤት አለ። ደንበኛ መጥቶ ባንኮኒውን እስኪመታ ድረስ እሱን ስጠራ ቆየሁ።

እህቴ ለባሏ በስልክ ስትነግረው ሰማሁ፦ «ከኩሽኔታ ጋር እያወራች ነው። ኧረ ደህና ናት። ሳቋ ነው የበዛው።»

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ኮዱን ልማር ብዬ ወሰንኩ። ምክንያቱ ይጻፍ፦ ያልገባኝን ነገር ገዝቼ አላውቅም። ሌላ ምክንያት የለም።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ያስተምረኛል። ትእዛዙ አራት ነው። ጌት ይጠይቃል። ፖስት አዲስ ነገር ያስገባል። ፑት ያለውን በሌላ ይተካል። ዲሊት ያነሣል። ይኸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ሳደርግ የኖርኩት አራት ነገር ብቻ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ቀጥሎ ያለው አልዋጥልኝ አለ። መልስ የሚሰጠው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ደንበኛ አያስታውስም አለ። ጠያቂው ማንነቱን የሚያሳይ ቶክን በየጊዜው ይዞ ይመጣል።

«አሁን አናግሮኝ የወጣ ሰው ተመልሶ ቢመጣ?»

«እንደ አዲስ ነው።»

«እንዲህ ያለ ሻጭ ብቀጥር ውሎ አያድርም።»

«እንዲህ ያለ ሻጭ አያዳላም። ሺህ ሰው ቢመጣበት አይደናገጥም። የትናንቱን ይዞ አይቀየምም።»

«አይቀየምም» ያለው ሲመላለስብኝ ዋለ። ቂመኛ ነኝ እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥር 16

የሌለ ነገር ሲጠየቅ ሰርቨሩ 404 ይላል። ይህን ለእህቴ መንገሬ ስሕተት ነበር። አንድ ባለ ወፍጮ መሠራቱ የቀረ ቁጥር ጠየቀ፤ እሷ መሰላል ላይ እንዳለች «አራት መቶ አራት» አለችው። ሰውየው ዋጋ መስሎት «ምነው፣ ቀንሺ እንጂ» ብሎ ይከራከራት ጀመር። ባለሙያው በውስጠኛው በር ብቅ አለ፤ ትከሻው እየተናጠ ነው። እኔ ባንኮኒውን ይዤ ነው የቆምኩት፣ እንባዬ እስኪመጣ።

ለባለ ወፍጮው ተተኪውን ቁጥር ሰጥቼ ሸኘሁት። በዚህ ዕድሜዬ። ነጋዴ ነኝ፤ ልረጋ።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ዛሬ አዲስ ዕቃ የሚያስገባውን ክፍል ራሴ ጻፍኩ። ፖስት ላክሁ፣ 201 መጣ፤ «ተፈጠረ» ማለት ነው። ከዚያ ያለ ብዛት ሞከርኩ፤ 422 ብሎ «ብዛቱን አልነገርሽኝም» አለኝ። ከዚህ በፊት የትኛውም ሠራተኛዬ እንዲህ ቁጭ አድርጎ ጉድለቴን ነግሮኝ አያውቅም።

ጥርሱ መንገድ ተሻግሮ መጣ። «ሰምቻለሁ፣ ዘምናችኋል» አለ። «የኔ እኮ ካለቀ ሰነበተ።» ፈገግ ብሎ ወጣ።

ቀዝቀዝ አልኩ። ሁለተኛውን በር እያየሁ ዋልኩ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ከባለሙያው ጋር ተጋጨን።

በዚህ ሱቅ አንድ ልማድ አለ። «አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ባይገዛም፣ ዕቃው ተነሥቶ ስሙ ተጽፎበት ከባንኮኒው ሥር እስከ ማታ ይቀመጥለታል። መካኒክ ጠይቆ ይሄዳል፣ ማሽኑን ይፈታል፣ ዘንጉን ይለካል፣ ይመለሳል። ሲመለስ ያገኛል። ሰው ጥርሱን አልፎ ወደ እኛ የሚሻገረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «6205ን የጠየቀ እንደሆነ አንድ ይቀነስና ይቀመጥለት» አልኩት።

«ጌት ምንም አይነካም» አለኝ። «መጠየቅ ዱካ አይተውም። ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

«የሁሉም።»

«የኔ ሱቅ ነው።»

«ሱቁ የእርስዎ ነው። ጠያቂው ግን ሰው አይደለም።»

ይህን ያለው ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። ግትርነት ነው አልኩ በሆዴ። እሱም መነጽሩን ጠረገ። ቅር ሳይለው አልቀረም። ምን አገባኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ባለሙያው አልመጣም። ጥርሱ ታሞ፣ ጉንጩ አብጦ ሐኪም ዘንድ ነው። (የአፉ ጥርስ፤ የማዶው ሰው አይደለም።) እህቴ «ሾርባ ይላክለት» አለች። «ሠራተኛ በታመመ ቁጥር ሾርባ እንልካለን እንዴ?» አልኳት። ላክሁለት። ማኘክ ስለማይችል ነው።

የፋብሪካው ሙከራ ሰኞ ይጀምራል። ልማዳችን ግን ኮዱ ውስጥ የለም። ጌት የሚገባበትን ኮንትሮለር ከፈትኩ፤ መልሱ ከሚመለስበት መስመር በላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ካለው ላይ አንድ ቀንስ፣ በተቀመጠው ላይ አንድ ጨምር። አንድ መስመር። እሱ ባስተማረኝ ትእዛዝ ወደ ሰርቨሩ ሰደድኩት። 6205ን ጠራሁት፤ አቤት አለ፣ ብዛቱም በአንድ ዝቅ አለ። ጮቤ ረገጥኩ፤ ማንም አላየኝም።

እህቴ አይታኛለች። «እሱ ያውቃል?» አለችኝ።

«ሲመጣ ያያል።»

ሰኞ፣ የካቲት 4

የፋብሪካው ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት ጠየቀን። ሰርቨሩ የጠያቂን ሁሉ መዝገብ ስለሚይዝ አየሁት፤ ጌት 6205፣ 200። አንድ የማላውቀው ማሽን፣ ከከተማው ዳር፣ ዕቃዬን በስሙ ጠርቶ መልስ አገኘ። ቀኑን ሙሉ ሲያስቀኝ ዋለ። ቺንጋ ስጠቀልል ዘፈን ቢጤ እያንጎራጎርኩ ነበር መሰለኝ፤ ደንበኛው «ሠርግ አለ?» አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ባዶ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ባዶ። 6205 ዜሮ። 6308 ዜሮ። መደርደሪያው ግን እንደ ሞላ ነው።

የጥገና ኃላፊው ደወለ። «ትናንት ጠዋት ሞልቶ ነበር፣ ማታ የለም። ለማን ሸጣችሁብኝ?»

«አልሸጥንም።»

«እንግዲያው ኮምፒውተራችሁ ይዋሻል። የሚዋሽ መጋዘን አልጠይቅም። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ማዶ ነኝ።»

ረጋ ብዬ «ይስተካከላል» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ለባለሙያው ደወልኩ።

በኋላ፦

ባለሙያው ጉንጩን በሻርፕ አስሮ መጣ። መዝገቡን ከፈተ። የፋብሪካው ኮምፒውተር ስለ እያንዳንዱ ዕቃ በየደቂቃው «አለ ወይ?» ይላል ለካ። ሊገዛ አይደለም፤ ልማዱ ነው። በጠየቀ ቁጥር እኔ አንድ አነሣሁለት። ጠየቀ፣ አነሣሁ። መጋዘኑን በሙሉ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩለት።

ከዚያ ኮንትሮለሩን ከፈተና ጣቱን በዚያች አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይሄን ማን ጻፈው?»

«ሱቁ» አልኩት።

ጭቅጭቅ ጠበቅሁ። ትከሻው ይናጥ ጀመር፤ ቀጥሎ ጉንጩን በሁለት እጁ ያዘ። «ኧረ አታስቂኝ፣ ያመኛል።»

«አታስቂኝ» ነው ያለው። «አያስቁኝ» አላለም። ሕመም ላይ ያለ ሰው አንደበቱን አይጠብቅም፤ አልፈርድበትም። እኔም እንደ እብድ ሳቅሁ። የእህቴ በር ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶት እኔ እስቃለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

መስመሩን አጠፋን። ብዛቱን በእጅ እንደገና ቆጠርን፤ እሱ መሰላሉ ላይ፣ እኔ ታች። ከላይ ይጠራል፣ ከታች እጽፋለሁ።

ሲወርድ እንዲህ አለኝ፦ «ልማድሽ ትክክል ነው። የገባበት በር ነው ያልሆነው። ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ነገር ይሁን። የራሱ አድራሻ ይኑረው። አስቀምጡልኝ የሚል ፖስት ይላክ፤ 201 እንበለው፤ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ጊዜው አልፎ ዕቃው ራሱ ወደ መደርደሪያው ይመለስ። መጠየቅ ደግሞ መጠየቅ ብቻ ይሁን።»

ልክ ነው። ሁልጊዜም ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ መጠየቅንና አስቀምጡልኝ ማለትን አንድ ያደረግኋቸው። እኛ ዘንድ የሚጠይቀው ሰው ስለሆነ፣ ዓይኑን አይቼ ስለማውቀው ነው።

ዛሬ «አንቺ» ሲለኝ ውሏል። የጉንጩ እብጠት ግን ጎድሏል። ልብ ብያለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

አዲሱን ክፍል እኔ ጻፍኩ፤ እሱ ከጎኔ ሆኖ አየ። ከዚያ ፈተና አዘጋጀ፦ ፕሮግራሙ ራሱ 6205ን ሺህ ጊዜ «አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅና ብዛቱ እንዳልተነካ ያረጋግጣል። አስኬድነው። አረንጓዴ አለ፤ አለፈ ማለት ነው። ሺህ ጊዜ ተጠይቆ ያልተነካ። እንደ ልጅ «ድገመው» አልኩት። ደገመው። ከዚያ የማስቀመጫውን አድራሻ ለፋብሪካው የኮምፒውተር ሰዎች ላከ።

እህቴ ሻይ ይዛ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። እሱ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ጠብቃ «እትዬ፣ መጠየቅ ዱካ አይተውም አይደል የሚለው? ጠይቂዋ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ። ኮድ አላውቅም።»

የቺንጋውን መስቀያ በሙሉ በርዝመት ለይታ እንድትደረድር አዘዝኳት። እየሳቀች ሄደች። ጥቂት ቆይታ ግን ከመስቀያው ሥር ሆና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ነገ ካልሆነ የሚዘጋው የኔ በር ነው፤ አይደል?» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ወደ ፋብሪካው የሚጫነውን እኮ የምጭነው እኔ ነኝ። ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎሽ አየሁሽ። ላበላሸው?»

ከጎኗ ቆሜ ቺንጋ ደረደርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

መዝገቡን ከፍተን ተቀመጥን። ጌት፣ 200። ጌት፣ 200። የፋብሪካው ኮምፒውተር እንደ ትናንትናው ይጠይቃል፤ ብዛቱ ንቅንቅ አይልም። እህቴ ባንኮኒው ላይ ሆና በየጊዜው «እ?» ትላለች። «ይጠይቃል» እላታለሁ።

ምሳ አልበላንም። እሱ አንድ ብስኩት ለሦስት ከፈለ፤ የኔ ድርሻ ተለቅ ያለ ነበር። ሳያስተውል ይሆናል።

ከሰዓት፦ ፖስት። 6308፣ አራት ፍሬ፣ ይቀመጥልኝ። 201።

ሦስታችንም ተነሣን። እህቴ ኩሽኔታውን አውርዳ፣ በወረቀት «ፋብሪካው» ብላ ጽፋ፣ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠችው። ስታስቀምጠው እንደ እንቁላል ነው የያዘችው።

ቀኑ ሲያጋድል ትእዛዙ መጣ፤ አራቱንም ገዛ። ተከትሎ ስልኩ ጮኸ።

«አልደውልም ብለህ ነበር» አልኩት የጥገና ኃላፊውን።

«የመጨረሻዬ ነው። ይሄን ማስቀመጥ የሚባለውን ማን አመጣው?»

«ምነው? አጠፋ?»

«ማዶውም ‹አለ› ይላል። ሰዎቼ ማሽኑን ፈትተው፣ ዘንጉን ለክተው ሲመለሱ ግን አለ የተባለው ተሸጦ ይቆያቸዋል። ማሽን ተፈትቶ ቆመ ማለት ደግሞ ለኔ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። የናንተ ኮምፒውተር ግን ራሱ ያስቀምጣል፣ ራሱ ያነሣል። ሰኞ ነይና ፈርሚ። ሌሎቹ ሁለት ፋብሪካዎቻችንም በናንተ ይጠይቁ ብያለሁ።»

ስልኩን አስቀመጥኩ። እህቴን አየኋት። ፊቴን አይታ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ቀና ስትል እየሳቀች ነው። «አራት መቶ አራት የለም በይ» አለች። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር፤ በጣም ቆሽሾ ነው መሰለኝ፣ ረጅም ጊዜ ጠረገው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ውሉ ትናንት ተፈረመ። የእህቴ በር ዛሬ ከኔ በር ቀድሞ ተከፈተ።

ባለሙያው የመጨረሻውን ርክክብ አደረገ። የይለፍ ቃሎቹን፣ የሰርቨሩን አያያዝ፣ ሁሉን በተራ አሳየኝ። እኔም ገና የሚቀሩትን ነገሮች ዘረዘርኩለት፦ ቺንጋ በርዝመት ይፈለግ፤ ተተኪ ቁጥር ይታይ፤ ለሁለቱ ፋብሪካዎች ለየብቻ ቶክን ይውጣ፤ የጓርኒሲዮን ፎቶ ይግባ።

«እነዚህን ራስሽ ትሠሪያቸዋለሽ» አለኝ።

«እሠራቸዋለሁ።»

ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ዚፑን ዘጋ፤ መልሶ ከፈተው። ውስጡ የሚፈልገው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። «ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ሆስፒታል ሥራ አቅርቦልኛል። መልስ አልሰጠሁም» አለ።

በረጋ መንፈስ አሰብኩበት። ሦስት ፋብሪካ ለአንድ ሰው ይበዛል፤ ይህ ሂሳብ ነው። እንዲህ ብዬ ነው የጀመርኩለት፦ «ሦስት ፋብሪካ ለአንድ ሰው ይበዛል። እዚህ ብትሆን እወዳለሁ። ባልደረባ ሆነህ፣ ተቀጣሪ ሳይሆን።»

«ለሥራ ነው?»

ከፊት ለፊት እህቴ ቺንጋ እየቆጠረች ነበር፤ ቆጠራዋ ቀጥ አለ።

«ለሥራም» አልኩት።

ትከሻው አልተናጠም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ድምፁን ሰማሁት።

ነገ ጠዋት፦ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት አናጺው ዘንድ መሄድ። የውስጠኛው ክፍል ጠረጴዛ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ ይርዘም። ልኬቱን ወስጃለሁ።